ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
(በካኩማ ካምፕ ለተፈታኝ ተማሪዎችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ፈተና አወሳሰድ ነው። ትምህርቱን እያወቁ ፈተና ላይ የሚወድቁ ልጆች አይተናልና።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ መምህራን የኬንያን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና (ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ.) ፕሮግራም እንዳለ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ገለበጥነው። «8:00» ይላል። አንዲት ጎበዝ ተማሪያችን በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት መስሏት፥ ጧት ውኃ ቀድታ፥ ለታናናሾቿ ምሳ ሠርታ መጣች። ፈተናው ግን የተጀመረው ከጧቱ 2 ሰዓት ነበር። በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ያየነውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ሌላ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነባት። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልማድ ይህ ይሁን፦ እያንዳንዱ ተፈታኝ ፕሮግራሙን በገዛ እጁ ይጻፍ። ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱ አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስፍር። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ስለሚቆጥሩ «ሳ ምቢሊ» ሲሉ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን 8 ተብሎ ይታተማል። ልዩነቱ 6 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛው የጥናት ሰዓት ነው። የካኩማን የቀትር ሙቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ አእምሮም አየሩም ቀዝቀዝ የሚልበት ነው። በኩራዝ ጭስ ሌሊቱን ሙሉ ማፍጠጥ ዓይን ይጎዳል፥ በማግሥቱም ፈተና ላይ ያንቀላፋል። በፈተናው ዋዜማ በጊዜ ተኙ።

ሦስተኛው በሰዓት መለማመድ ነው። የሒሳብን ወረቀት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ ወረቀት 2 ሰዓት ተኩል ወይም 150 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከ100 ይታረማል። የመጀመሪያው ክፍል ሁሉም የሚሠራ ሲሆን 50 ነጥብ አለው። በሁለተኛው ክፍል ከ8 ጥያቄ 5 ይመረጣል፤ እያንዳንዱ 10 ነጥብ ነው። 10 ደቂቃ ለማንበብና ለመምረጥ፥ 20 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ለማረም ብናስቀር 120 ደቂቃ ይተርፋል። ለእያንዳንዱ ክፍል 60 ደቂቃ፥ ለአንዱ ባለ 10 ነጥብ ጥያቄ 12 ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። 12 ደቂቃው ካለቀ ጥያቄውን ትቶ ማለፍ ነው። እልህ ይዟችሁ አንዱ ጥያቄ ላይ ከቆማችሁ ሌሎቹን ታጣላችሁ። ይህን በአሮጌ የፈተና ወረቀት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሞክሩት። አሠራሩን ጻፉ፤ መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለአሠራሩ ነጥብ ይሰጣል።

አራተኛው፦ በአማርኛ መወያየት ለመረዳት ይጠቅማል፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ መጻፍ ተለማመዱ። የሚጻፈው በእርሱ ነውና።

እናቶችና አባቶች፥ እናንተንም የምንለምነው አለ። በፈተናው ሳምንት የራሽን ወረፋውንና የውኃ ሰልፉን ከልጁ ላይ አንሡለት፤ በተለይ ከሴት ልጆች ላይ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ ከጎረቤት ጋር ተዛዘሉ፤ የዛሬ ወር እናንተ ትከፍሉታላችሁ።

ይህን ሁሉ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በኬንያ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ ለመግባት ዝቅተኛው ውጤት ሲ ፕላስ ነው። የጀርመን መንግሥት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል የሚረዳው የዳፊ የኮሌጅ ዕድልም ውድድሩ ብርቱ ነው። በሰዓት ስሕተት ወይም በእንቅልፍ የሚባክን ነጥብ የለንም።

ያች ተማሪያችን በተከታዩ ዓመት ከዘበኛው ቀድማ በር ላይ ተገኘች። እናንተ ግን ያን ዓመት እንድትከፍሉ አንፈልግም።

መልካም ፈተና ይሁንላችሁ።