ከአትክልት ተራ ልጣጭ እስከ አቃቂ ወንዝ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ንግድ ወደ ጃን ሜዳ መዛወሩን ታስታውሳላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሜዳው ለጥምቀት በዓል ሲጸዳ የወጣው ተረፈ ምርት፣ አንድ ገበያ ምን ያህል ልጣጭና ቅጠል እንደሚጥል በዓይናችን አሳይቶናል። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለሚጣለው ነገር ነው።

የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ሴሉሎስና ፔክቲን የተባሉ ተፈጥሯዊ ፖሊመሮች አሉት። በእነርሱ ላይ ያሉ አሉታዊ ሙል ያላቸው ክፍሎች፣ በውኃ ውስጥ ሟሙተው አዎንታዊ ሙል የያዙትን እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ስበው በገጻቸው ላይ ያስቀራሉ። ልጣጩ ታጥቦ፣ ደርቆና ተወቅጦ ሲልም የሚይዝበት ገጽ ይሰፋል።

ይህ ለምን ይመለከተናል? የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያው ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን፣ ከዚያም ወደ ጾም ገበታችን ይመጣል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

አንድ በወንዝ ዳር ያለ አጥቢያ ለነዳያን የሚያለማውን አትክልት በልጣጭ በተጣራ የወንዝ ውኃ ለማጠጣት ጠይቆኝ ነበር። አሳቡ በጎ ቢሆንም «አይሆንም» አልኩ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራዬ ልጣጩን ሳላጥብ ነክሬው፣ ውኃው ጠቁሮ ሸቶብኝ ነበር። ያ ስሕተት በዓይን ታየ፤ እርሳስ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ውኃው መንጻቱን የሚመሰክረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ልጣጭ ተሐዋስያንንም አይገድልም። ከሁሉ በላይ መርዙ በዱቄቱ ላይ ይቀራል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ ያገለገለውን ዱቄት በማሳ መበተን ወይም ለከብት መስጠት መርዙን ወደ ምግባችን መመለስ ነው።

ሙሴ በማራ መራራውን ውኃ ያጣፈጠው እግዚአብሔር ባሳየው እንጨት ነው (ዘጸ. 15፥25)። እኛም ከተፈጥሮ የተሰጠንን እንጠቀም፤ ነገር ግን በእውቀትና በጥንቃቄ ይሁን። ልጣጭ የፋብሪካን ግዴታ አይተካም፤ ፍሳሽ ከምንጩ መታከም አለበት። የየአጥቢያው ድርሻ ግን ከዛሬ ይጀምራል፦ ልጣጩን ከፕላስቲክ ለዩ፤ የምታጠጡበትን ውኃ አስመርምሩ፤ ውጤቱ ሳይታወቅ ለነዳያን አትክልት አታቅርቡ። የምጽዋታችን ማዕድ ንጹሕ ሊሆን ይገባልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።