የምስክር ወረቀትና የመምህር ክብር



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜያችንን ይበላል። ይኸውም በስብሰባና በመምህራን ማረፊያ ክፍል፤ «አንተ ባለ ሰርተፊኬት፤ እኔ ባለ ዲግሪ» እየተባባልን የምናደርገው ክርክር ነው።

አስቀድሜ የራሴን በደል ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት አንድ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ጉዳዩም ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ ማንበብ ያልቻሉት ስለ ምን ነው የሚል ነበር። በሰርተፊኬት ያስተምሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ መምህር ተነሥተው፤ «ልጆቹ ገጹን በቃላቸው ይዘውታል እንጂ አያነቡትም፤ ከመካከል አንድ ቃል በጣታችሁ እያሳያችሁ ጠይቋቸው» አሉ። እኔም፤ «ይህን የሚሉት በየትኛው ጥናት፤ በየትኛውስ ማዕረግ ነው?» ብዬ መለስሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቹ የተናገረ ሰው አልነበረም። ግማሹ የእርሳቸውን የሥራ ዘመን፤ ግማሹ የእኔን ዲግሪ እየጠራ ሲከራከር መሸ። በማግሥቱ እንዳሉት ባደርግ፤ ከመካከል የጠየቅሁት ልጅ ከገጹ ራስ ጀምሮ በቃሉ ይወርደው ጀመር። እርሳቸው ያዩትን እኔ አላየሁትም ነበር።

ይህን ስል የምስክር ወረቀትን ለማቃለል አይደለም። አባቶቻችንም ያለ ምስክር ለወንበር አልበቁም። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ሄዶ ማስመስከሩ የቆየ ሥርዐት ነው። ስለዚህ «ከማን ተማርህ? የት አስመሰከርህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሐሰተኛ ማስረጃ ማስተማርም፤ ሳይገድሉ ጎፈሬ ከመሆኑ በላይ ሕፃናትን መበደል ነው። ነገር ግን ማስረጃ የሚመረመረው በቅጥር ጊዜ በመዝገብ ቤት ነው እንጂ፤ ሰው ሐሳብ ባቀረበ ቍጥር በጉባኤ መካከል አይደለም።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር፤ የሚመዘነው የዛሬው ቅኔ ነው። ትናንት አምሮለት የነበረ ቢሆንም፤ ዛሬ ሰዋስው ቢያፈርስ ይታረማል። የእኛም ወረቀት እንዲሁ ነው፤ ትናንት መማራችንን ይመሰክራል እንጂ፤ ዛሬ ለተናገርነው ቃል ዋስ አይሆንም።

ደግሞም የማዕረጉ መለኪያ ራሱ ከዘመን ጋራ ይለወጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በአገራችን ፊደል ቈጣሪ አልጠፋም፤ አስተማሪም አልታጣም። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን በሰርተፊኬት ጀምረን፤ ክረምት ክረምት ኮሌጅ እየገባን ዲፕሎማና ዲግሪ የጨመርን ነን። ዛሬ የምንንቀው ወረቀት ትናንት እንጀራችን የነበረ ነው።

እኛ በማዕረግ ስንከራከር የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ እናስብ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በመምህር አይሳበብም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ማኅበር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን በከንቱ ክርክር ሊያባክን አይገባውም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ጓደኛችን ሲናገር «ማን ነህ?» ከማለታችን በፊት «ምን አየህ?» እንበለው። የበለጠ የተማረው በማስረዳት፤ ብዙ ዘመን የሠራውም ያየውን በማካፈል ይብለጥ።

እኒያን አረጋዊ መምህር በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «ልጁ ማንበብ ቻለ ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔም ንግግሬን በዚሁ ጥያቄ እፈጽማለሁ።