ስለ ጉበት ነቀርሳ የመጀመሪያ ምልክቶች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣነው ስለ ጉበት ነቀርሳ ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ያድጋል። ሰውየው ሆዱ አብጦ፥ ሰውነቱ ከስቶ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ፥ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚድንበት ጊዜ አልፏል። እንግዲህ ዕብጠቱ ከመታየቱ አስቀድሞ በሽታውን የሚገልጥ ምልክት ይገኛልን?

መልሱን ለማግኘት ከጉበት ጠባይ መነሣት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ሊቃውንት ከአይጥ ጉበት ከሦስት እጅ ሁለቱን ቆርጠው ቢያወጡ፥ የቀረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ የቀድሞውን ያህል ክብደት አገኘ። ይህን ሥራ የሚያሠሩት ዕድገት ቀስቃሽ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እነርሱ ለሕዋሶች «ተባዙ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳሉ፤ ጉበቱ መጠኑን ሲያገኝም ትእዛዙ ይቆማል።

ክፋቱ የሚጀምረው ትእዛዙ ሳይቆም ሲቀር ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ወይም ብዙ መጠጥ ጉበትን ለብዙ ዓመት ሲያቆስለው፥ ሕዋሶቹ ሲሞቱና ሲተኩ ይኖራሉ። ዉድቻክ በሚባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ላይ እንደታየው፥ በፅንስ ዘመን ሠርቶ ያረፈው ኢንሱሊን መሰል ዕድገት ቀስቃሽ ቁጥር 2፥ ነቀርሳ ለመሆን በተቃረበው የጉበት ክፍል እንደገና ይነቃል። ደግሞም በ1990 በታተመ ምርምር፥ ቲ.ጂ.ኤፍ. አልፋ የተባለውን ቀስቃሽ አለመጠን እንዲያመነጩ የተደረጉ አይጦች የጉበት ነቀርሳ ያዛቸው። ስለዚህ እነዚህ ፕሮቲኖች ምልክት ብቻ ሳይሆኑ የበሽታው ተባባሪዎችም ናቸው።

ነገር ግን መቸኮል አይገባም። ጭስ ለእሳት ምስክር ነው፤ የምድጃ ይሁን የቤት ቃጠሎ ግን ጭሱ ብቻውን አይነግረንም። በመዳን ላይ ያለ ጉበትም ያንኑ ትእዛዝ ያወጣልና። በ1963 አቤሌቭና ባልደረቦቹ በአይጥ፥ በ1964 ታታሪኖቭ በሰው ያገኙት አልፋ ፌቶፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ ነቀርሳ ሳይኖር ከፍ ይላል፥ ነቀርሳ እያለም ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የደደረውን ሰው በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ ይመረምሩታል፤ ብዙ ጊዜም የደሙን ምርመራ ይጨምሩበታል።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህ ጉዳይ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ባሩክ ብሉምበርግና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ የሄፓታይተስ ቢን ምልክት በደም ውስጥ ካገኙ በኋላ ክትባት ተሠራ። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን መከተብ ብትጀምር፥ በልጆች ላይ የሚደርሰው የጉበት ነቀርሳ ቀነሰ። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። እኛ በዚህ አዳራሽ ያለነው ብዙዎቻችን ግን ከዚያ በፊት የተወለድን ነን!

ስለዚህ እያንዳንዳችን ደማችንን እናስመርምር፤ ቫይረሱ የሌለብን እንከተብ፤ ያለብንም ሳናፍር በሐኪም እንጠበቅ። የዘመድ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለን በቅጠል ብቻ አንተወው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።