የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪ ከቴክኖሎጂ ሚኒስትሩ ምን ይጠብቃል?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ የእንጦጦን ተራራ የተሻገረ መንገደኛ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። የኢትዮጵያ የሳተላይት መገናኛ የምድር ጣቢያ በ1970ዎቹ ዓመታት መግቢያ የተተከለው በዚሁ በሱሉልታ ነው። የዋና ከተማው ሰው ከባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር በስልክ ሲነጋገር ድምፁ በሱሉልታ ገበሬ ማሳ አጠገብ አልፎ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ገበሬው ግን መንግሥት ስለ መሬቱ ያሰበውን ለማወቅ በእግሩ ሄዶ ደጅ መጥናት ነበረበት። ቴክኖሎጂ ዲሞክራሲን ያግዛል ሲባል ይህ ልዩነት ቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን አንድ ላይ የሚመለከት የተቀናጀ የልማት ዕቅድ መዘጋጀቱ ተሰማ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በዕቅዱ ክልል ውስጥ ነበሩ። ሰነዱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ናቸው፤ መሬቱ የሚነካበት ሰው ግን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥበት በር በጊዜው በወጉ አልተከፈተለትም። ስለዚህ ዕቅዱ ወደ ብዙው ነዋሪ የደረሰው በወሬ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ወር ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። የፕላን ባለሙያ የደከመበት ሥራ በዚህ ዓይነት መቅረቱ ለሙያው ኪሳራ ነው፤ ከጠፋው ሕይወት ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

በዚያው በ2006 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የታይዋን ተማሪዎች፣ መንግሥታቸው ከቻይና ጋር የተዋዋለውን የንግድ ስምምነት በሚገባ ሳይመከርበት ሊያጸድቅ ነው ብለው የምክር ቤቱን አዳራሽ ከሦስት ሳምንት በላይ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ የተከተለው ነገር ለኢትዮጵያ ባለሙያ ትምህርት ያለው ነው። ጃክሊን ጻይ የተባሉ ሚኒስትር በ2007 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ ራሳቸው ሄደው፣ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ የሚመክርበትን መንገድ እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ቪታይዋን የተባለው መድረክ ከዚህ ተወለደ። የኡበር ታክሲ ጉዳይ በቀረበ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው አሳቡን በአጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፍ ነበር፤ ሌላው ይስማማል፣ አይስማማም ወይም ያልፋል፤ መልስ መጻፍ ግን አይችልም፤ ይህም ሙግትና ስድብ እንዳይነግሥ ታስቦ ነው። ኮምፒዩተሩም ተቀራራቢ አሳብ ያላቸውን እየለየ፣ የተለያዩት ወገኖች የሚገናኙበትን ነጥብ ያሳያል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ የነበሩት ኦድሪ ታንግ በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ የስብሰባዎቻቸውንም ቃለ ጉባኤ ለሕዝብ እያወጡ ሠሩ። (መድረኩ መንግሥትን የሚያስገድድ ኃይል ስላልነበረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀዛቀዙም ሊደበቅ አይገባም።)

በኢትዮጵያ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ መሪ የነበሩት ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የተፎካካሪ ፓርቲ ሰው ይህን ወንበር መያዙ እንደ መልካም ምልክት ሊቈጠር የሚችል ነበር። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ።

ለዚህ ሁሉ ሚኒስትሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም በሚኒስቴሩ ሥር አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራምም የተደራጀው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ሚኒስትር የምክር ቤቱ አባል ነው። መስመር ይቈረጥ የሚል አሳብ ሲነሣ አንቀጽ 29ኝን ገልጦ፣ ማን አዘዘ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ ከማንም ይልቅ ለቴክኖሎጂ ሚኒስትር የተገባ ሥራ ነው። መሣሪያ መመረቅማ ለማንም አይከብድም።

ወደ ሦስቱ ከተሞች ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት ቤት የፈረሰባቸው ነዋሪዎች ጉዳይ እስከ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደረሰ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ፋይዳ የዜጋውን የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይመዘግባል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን የወጣው ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። ዜጋው ለመንግሥት በዚህ ፍጥነት ሲታይ፣ መንግሥት ለዜጋው የሚታይበት መዝገብ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሕጉ ግን የለም አይባልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬቱን የሚለቅ ባለይዞታ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመከር ያዝዛል። ምክክሩ በየአዳራሹ ተደርጎ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ከሚቀር፣ የቀረበው ዕቅድ በየቀበሌው ተለይቶ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችልም በድምፅ ተቀድቶ ሊቀርብ ይችላል። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለበት በሰበታ ይህ የድምፅ ነገር እንደ ትርፍ ሊታይ አይገባውም። የቡራዩ አባወራ በተራ የእጅ ስልኩ ቁጥር መትቶ፣ ይዞታው በየትኛው ዕቅድ እንደ ገባና አስተያየት የሚቀበሉበት ቀን መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅበት አገልግሎት ከሳተላይት ጣቢያ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ስለሆነ ግን ሚኒስትሩ በቅድሚያ ከኦሮሚያ መስተዳድር ጋር ተቀምጦ፣ የከተማው የይዞታና የፕላን መዝገብ እንዲከፈት የሚያዝዝ ደብዳቤ ማስጻፍ ይኖርበታል።