ከቤተ ሙከራ ወደ ማዕድ ቤት

የዛሬው ንግግራችን፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠውና ብዙ ሰው ከወጥና ከስፌት ያለፈ ስለማይመስለው፣ በእውነቱ ግን ከኬሚስትሪ ጋር ስለ ተዛመደው የቤትና የቤተሰብ አያያዝ ትምህርት ነው።

ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ፣ በ1873 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚስትሪ ተመርቀው፣ ውሃንና ምግብን መርምሮ ንጹሑን ከብክሉ የመለየት ጥበብ በሊቃውንት ዘንድ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር፣ ይልቁንም ወደ እያንዳንዱ ቤት ማዕድ እንዲደርስ ስለ ደከሙ፣ የአሜሪካ የቤት አያያዝ ትምህርት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው የስሚዝ-ሂዩዝ ሕግም ለትምህርቱ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ አስገኘ።

ዛሬ ትምህርቱ ሥነ ምግብን፣ የሕፃናትን አስተዳደግ፣ የገንዘብ አያያዝንና የሸማችን መብት አጠቃሎ ለወንዱም ለሴቷም ይሰጣል። ዳሩ ግን መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ስለሚታጣ፣ ምድጃውና መሣሪያውም ወጪ ስለሚጠይቅ፣ በጀት ባነሰ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያጠፉታል፤ ከትምህርት ቤት በወጣ ማግስት የብድር ውል ለሚፈርም ወጣት፣ ወለድ ወለድን እንዴት እንደሚወልድ ሳያስተምሩ ማሰናበት፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው። መድኃኒቱ መምህራንን ማሠልጠን፣ ኮርሱንም ለምረቃ እንዲቆጠር ማድረግ ነው።

በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የመጪውን ዓመት ትምህርት ሲመርጥ ይህ ኮርስ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለም ለትምህርት ቦርዱ አመልክቱ።