ከአማካሪያችሁ አትጥፉ፦ ለአዲስ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ ምርምር ሌሎች ይናገራሉ፣ አንተ ስለ ኑሮው ተናገር» ብለውኛል። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መባቻ የድህረ ምረቃ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ ስንቱ መጥቶ ተምሮበታል። እኔም ማስተርሴንም ፒኤችዲዬንም የሠራሁት እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው። አሁን የማስተምረው በክልል ስለሆነ በየዓመቱ ባልደረቦቼን ወደዚህ እንሸኛለን። ከነሱ ውስጥ ትምህርቱ ከብዶት የተመለሰ እምብዛም አላየሁም። ሳይጨርሱ የተመለሱት በሌላ በሌላው ነገር ነው።

ከቤት ልጀምር። ደላላ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ኪራይ ረከስ የሚልበትን የከተማውን ዳር ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ያለው ሰፊ ኮንዶሚኒየም ከሽሮ ሜዳዋ ጠባብ ክፍል የተሻለ ይመስላችኋል። ግዴላችሁም፣ ጠባቧን ያዙ። ጧት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ስትሉ ላይብረሪ ሳትገቡ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሽሮ ሜዳ፣ አፍንጮ በር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ብቻ በእግር የሚያስኬድ ይሁን። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትከራዩ ይቀላል። ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉም እንዲመዘገብ ያዛል። ይህን ደላላው አይነግራችሁም። ከሰመራና ከጋምቤላ የመጣችሁ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ ግዙ፤ የዚህ ሰፈር የኅዳር ሌሊት ቀልድ አያውቅም።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት፣ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ፣ የመሥሪያ ቤት ስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ፣ እነዚህን በመጀመሪያው ወር ጨርሱ። ሁሉንም ስልካችሁ ላይ ስካን አድርጋችሁ ያዙ። በቃ።

ብዙ ሰው የማያስበው የቀን መቁጠሪያውን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ለመስክ ሥራ የተፈቀደላችሁ ገንዘብ ካለ ግንቦት ላይ አወራርዱ፤ በሰኔ መጨረሻ ፋይናንስ ቢሮ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሰልፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ መምህራንን ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ ያለ ሰው ክረምቱን ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። ገበሬው ደግሞ ሰኔና ሐምሌ እርሻ ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ያኔ መቶ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ይዛችሁ ብትደርሱ፣ እንግዳ መመለስ ነውር ነውና ማጭዱን አስቀምጦ ይመልስላችኋል። ልቡ ግን አዝመራው ላይ ስለሆነ ቶሎ የሚያስለቅቀውን መልስ ነው የሚሰጣችሁ። ጥርና የካቲት ሂዱ። የትብብር ደብዳቤውንም ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ለክልል፣ ከክልል ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ እየተጻፈ ነው የሚወርደው።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር። በአማርኛ የምትጽፉ ዩኒኮድ ፊደል ተጠቀሙ፤ ያለዚያ ፋይሉ ሌላ ቦታ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ምንጭ ለማደራጀት ዞቴሮ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ግሩም ነው፤ የእኛን ስም ግን አያውቅም። ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ያወጣላችኋል፤ ታሪክ ክፍል ይህን ይዞ የሚገባ ተማሪ ወዮለት። ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ የማስገባት አማራጭ አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን እንደዚያ አስገቡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ ባልደረባዬ እዚህ መጥቶ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨረሰ፣ ፕሮፖዛሉም አለፈለት። አማካሪው «ሁለተኛውን ምዕራፍ በሁለት ሳምንት አምጣ» አሉት። በመሃል እናቱ ታመሙና አገር ቤት ሄደ። ሲመለስ «ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ» አለ። ወር ሲያልፍ ደግሞ የአንድ ወር የሚያህል ሥራ ካልያዝኩ አፍራለሁ አለ። ሁለት ወር ሲሆን የሁለት ወር። እንዲህ እያለ አማካሪውን ኮሪደር ላይ ሲያይ በሌላ ደረጃ እስከ መውረድ ደረሰ። ስምንት ወር ማለት ነው። ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃዱ ማብቂያ ደብዳቤ መጣ። እንደምታውቁት እኛ ስንላክ ውል ፈርመን፣ ዋስ አስፈርመን ነው። ዋስ የሆነችለት የሥራ ባልደረባችን ሁለት ልጆች በደመወዟ የምታሳድግ ሴት ናት። እያለቀሰች ደውላ የነገረችኝም እሷ ናት።

እሷና እኔ ይዘነው ወደ አማካሪው ቢሮ ገባን፤ ሽማግሌ ሆነን ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩትና «እኔ እኮ ትምህርቱን ትተህ ውጭ አገር የሄድክ መስሎኝ ነበር። በል ተቀመጥ፣ የት ደረስክ?» አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው። ስምንት ወር የፈራው ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በኋላ ዲፈንድ አድርጎ ተመርቋል፤ ግን የተራዘመውን ጊዜ የጨረሰው ያለ ደመወዝ ነው። ቤቱን የቻለችው ሚስቱ ናት።

ይህን ስንፍና የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሰነፍ ሰው አያፍርም። ትልቅ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም ተብለን ነው ያደግነው፤ ያ ይሉኝታ ለለቅሶና ለሠርግ ጥሩ ነው፣ አማካሪ ቢሮ በር ላይ ግን ሰው ያስቀራል። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። «ዶክተር፣ በዚህ ወር አልጻፍኩም፣ እዚህ ጋ ተይዣለሁ» ማለት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ በስንት ጊዜ እንደምትገናኙ፣ በስልክ ይሁን በቴሌግራም እንደሚመርጡ፣ አንድ ምዕራፍ አንብበው ለመመለስ ስንት ሳምንት እንደሚፈልጉ በግልጽ ጠይቋቸው፤ ድፍረት አይደለም። ከየውይይቱ በኋላ የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ላኩላቸው። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ እርጉዝ የሆናችሁም፣ ያንኑ ቀን ንገሯቸው፤ ጊዜ ሰሌዳው ሲሠራ አብሮ ይታሰብ።

መምህሮቼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና እናንተም ጋ ነገር አለኝ። የምታማክሩት ተማሪ ሁለት ወር ከጠፋ አንድ ጊዜ ደውሉለት። ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ዘንድሮ ስድስት ተማሪ አማክራለሁ፣ ሁለቱ ጠፍተዋል፣ ትናንት ማታ ለሁለቱም ደውያለሁ። አንደኛዋ አንስታለች። ለእኛ የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው፤ ተማሪው ግን ለመደወል መጀመሪያ ኀፍረቱን ማሸነፍ አለበት።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጠናል። በአንደኛው በዚህ አካባቢ የሚከራይ ክፍል ያለው ይጻፍ። በሁለተኛው የአንድ አዲስ ተማሪ ረቂቅ ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነ ስሙንና የትምህርት ዘርፉን ይጻፍ። አዲሶቹ ተማሪዎች ከምሳ በኋላ ይመለከቱታል፤ እባካችሁ ከምሳ በፊት ሙሉት።