ውድ የእጅ ሰዓት የተሻለ ሰዓት ነውን? ስለ ዋጋና ስለ ፋይዳ የተደረገ ንግግር



ንግግሬን በአንድ የግል ገጠመኝ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ጀማሪ መምህር ሳለሁ የአምስት ወር ደመወዜን አጠራቅሜ፣ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን የሚሞላ የስዊዘርላንድ ሰዓት ገዛሁ። አባቴ ያስሩት የነበረው ግን በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ካሲዮ ነበር። አዲሱን ሰዓቴን ሳሳያቸው አገላብጠው ተመለከቱትና «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ወደ ራሳቸው ሰዓት ዞር ብለው «ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አባቴ ትክክል ነበሩ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በሞላ የሚሠራ ዘመናዊ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታል፤ በባትሪው ሰዓት ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ግን በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። የስዊዘርላንድ ይፋዊ የክሮኖሜትር መመርመሪያ ተቋም ለአንድ ባለ ሞላ ሰዓት ምስክር ወረቀት ሲሰጥ፣ በቀን በአማካይ እስከ 4 ሰከንድ መዘግየትን ወይም እስከ 6 ሰከንድ መፍጠንን ይፈቅዳል። ይህም በወር እስከ 3 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው ካሲዮ ኤፍ 91 ደብልዩ በአንጻሩ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ እንደማይዛነፍ አምራቹ ይገልጻል።

ትክክለኛነት ራሱ በአንድ ወቅት ውድ ዕቃ ነበር። ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ አስትሮንን፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ቶኪዮ ላይ ሲያቀርብ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ ይህም በጊዜው ከአነስተኛ መኪና ዋጋ ጋር ይቀራረባል። የምርቱ ብዛት ዋጋውን ሲያወርደው ትክክለኛነት የሁሉም ሆነ፤ ብዙ የስዊዘርላንድ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ውድ ሰዓት ሻጮች ዋነኛ ሸቀጣቸው የእጅ ጥበብና ክብር ሆኗል። ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንዳንድ ዕቃ የሚፈለገው ውድ ስለሆነ ነው።

ይህን ስል የዋጋ ልዩነት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ስንሻገር የማይጫር የሳፋየር መስታወት፣ የማይዝግ ብረትና ውኃ የማያስገባ አካል እናገኛለን። በሞላ የሚሠራው ደግሞ በሠለጠነ ሰዓት ሠሪ እጅ ተፈትቶና ታጥቦ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ ርካሹ ዲጂታል ከተበላሸ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ከመካከለኛው በላይ ግን በእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር የምናገኘው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚጠየቀው የዕድሳት ወጪም አለ። «ቢሸጥ ያተርፋል» የሚባለውም የሚሠራው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ የአንድ ነገር እውነተኛ ወጪ ስለ እርሱ ሲባል የተተወው ነገር ነው። በዚያ ዓመት የአባቴ ቤት ጣራ ያፈስ ነበር። በአምስት ወር ደመወዜ ቆርቆሮው መቀየር ይችል እንደነበር የተገነዘብሁት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። እርሳቸው ይህን አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም።

ስለዚህ ውድ ሰዓት መግዛት ነውር ነው አልላችሁም፤ ጥበቡን ወድዶ፣ አቅሙ ኖሮት የሚገዛ ሰው የከፈለበትን ያገኛል። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት ገንዘቡ የት ሊውል ይችል እንደነበር አስቡ። ዛሬ ያሰርሁት የአባቴን ካሲዮ ነው፤ የተመደበልኝ ጊዜ ማለቁንም እያመለከተኝ ነው።